በወንዝ ውኃ ውስጥ አንቲባዮቲክ የተላመደ ኢ. ኮላይን እንዴት እንቆጥራለን

ከፋብሪካ፣ ከሆስፒታል ወይም ከከብት እርባታ ወደ ወንዝ የሚገባው አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም። ጣጣውም ይኸው ነው፦ ያልተላመዱትን እድገት ያዘገያል፣ የተላመዱት ይበዛሉ። ይህን ለመከታተል ሴፎታክሲም የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደውን ኢ. ኮላይ (በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖር ባክቴሪያ) ከጠቅላላው ኢ. ኮላይ ጋር ማነጻጸር ቀላሉ መንገድ ነው።

ናሙና ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት በላይ፣ ፍሳሹ በደንብ ከተቀላቀለበት በታችና ከዚያም ራቅ ብሎ ይወሰዳል። ከታችኛው ቦታ ይጀምሩ፤ አለበለዚያ በእግርዎ ያደፈረሱት ደለል ቀጣዩ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ አፉ ወደ ውኃው መምጫ ዞሮ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይሞላል። ፍሳሹ ክሎሪን ካለበት ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይግባ፤ ካልሆነ ክሎሪኑ መንገድ ላይም መግደሉን አያቆምም። ናሙናውን በበረዶ ሣጥን ይዘው ቢቻል በ6፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሥሩት።

ቲቢኤክስ አጋር (ኢ. ኮላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ የሚበቅልበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ያዘጋጁ፤ ግማሹ እንዳለ ይፈስሳል፣ ለሌላው በሊትር 4 ሚሊ ግራም ሴፎታክሲም ይጨመራል። ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አጋሩ ከ50 ዲግሪ በታች ሳይበርድ የገባ መድኃኒት ይፈርሳል፤ ሳህኑ ላይ ሁሉም ይበቅላል፣ ወንዙም ያለ ኃጢአቱ ይከሰሳል። ስለዚህ ሴፎታክሲም የሚገድለውን ኤቲሲሲ 25922 የተባለ የኢ. ኮላይ ዝርያ መድኃኒቱ ባለበት ሳህን ላይ ሁልጊዜ ይዝሩ። ከበቀለ፣ የዚያን ዕለት ሳህን በሙሉ ይጣሉ።

ውኃውን በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፈው ማጣሪያውን አጋሩ ላይ ያስቀምጡ፤ በ44 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ሰማያዊ አረንጓዴ ኮሎኒዎችን (በዓይን የሚታዩ የባክቴሪያ ክምችቶችን) ብቻ ይቁጠሩ። ለምሳሌ 1 ሚሊ ሊትር ተጣርቶ ያለ መድኃኒት 42፣ 10 ሚሊ ሊትር ተጣርቶ በመድኃኒቱ ላይ 21 ኮሎኒ ቢገኝ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 4,200 እና 210 ይሆናል፤ የተላመደው 5 በመቶ ማለት ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። ዓይነ ምድር ሲጨምር ሁለቱም አብረው ይጨምራሉና የሚታየው መቶኛው ነው። መቶኛው ከፍሳሹ በታች ቢያድግም፣ የተላመዱት እዚያው ወንዙ ውስጥ በመድኃኒቱ ተመርጠው በዙ ወይስ ከፍሳሹ ጋር ገቡ የሚለውን ይህ ቆጠራ አይለይም። ለዚያ የፍሳሹን የራሱን መቶኛ መቁጠርና መድኃኒቱን በኬሚስትሪ መለካት ያስፈልጋል፤ ሲለካም ከውኃው ጋር ደለሉ አይረሳ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉት አንቲባዮቲኮች ደለል ላይ ይጣበቃሉ።