ተንጠልጣይ ድልድይ እንዴት ይገነባል? በጎልደን ጌት ቅደም ተከተል

ተሽከርካሪ የሚሄድበት ወለል በተንጠልጣይ ድልድይ ሥራ መጨረሻ የሚመጣ ነው። የወለሉ ክብደት በአንጠልጣይ ገመዶች ወደ ዋናው ገመድ ይወጣል፤ ማማዎቹ ወደ ታች የሚጫነውን ይሸከማሉ፣ በሁለቱ ዳር ያሉት መልሕቆች ደግሞ የገመዱን ጉተታ ይይዛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መልሕቅና ማማ፣ ቀጥሎ ገመድ፣ ከዚያ ወለል። በማማዎቹ መካከል 1,280 ሜትር የሚዘረጋው የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1937 የተሠራው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

መልሕቁ ግዙፍ የኮንክሪት ግንብ ነው፤ የገመዱ ሽቦዎች የሚያያዙባቸው፣ ጫፋቸው ቀዳዳ ያለው የብረት ዘንጎች በውስጡ ይቀበራሉ። የማማ መሠረት አስቸጋሪ የሚሆነው ባሕር ውስጥ ሲገባ ነው። የጎልደን ጌት ደቡባዊ ማማ ከዳርቻው 335 ሜትር ርቆ ስለቆመ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን የኮንክሪት ግድግዳ ተሠርቶ ውኃው ተመጠጠ፤ መሠረቱም በደረቁ ተገነባ።

ገመዱ አንድ ላይ ተሠርቶ አይሰቀልም፤ ያን የሚያነሳ መሣሪያ የለም። እዚያው አየር ላይ፣ በጎልደን ጌት እንደተደረገው ሽቦ በሽቦ ይዘረጋል። ሠራተኞች የሚቆሙበት ጊዜያዊ መረማመጃ በማማዎቹ ላይ ከተወጠረ በኋላ፣ መዘውር ሽቦውን ይዞ ከአንዱ መልሕቅ ተነስቶ በማማዎቹ አናት በተቀመጡት ኮርቻዎች (ገመዱ የሚያርፍባቸው ብረቶች) ላይ እያለፈ ወደ ሌላው ይመላለሳል። በጎልደን ጌት 4.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በአማካይ 452 ሲሆን አንድ ጥቅል፣ 61 ጥቅል ሲሆን አንድ ገመድ ይሆናል፤ ማለትም 27,572 ሽቦ። ሥራው ከስድስት ወር በላይ ወስዷል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ሽቦዎቹ እኩል ካልረገቡ አጭሩ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ ረጅሙ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ፀሐይ የነካው ሽቦ ደግሞ ጥላ ውስጥ ካለው ይረዝማል። ስለዚህ የጥቅሎቹ እርግበት የሚስተካከለው ሌሊት፣ ሙቀቱ ሁሉም ጋ እኩል ሲሆን ነው። በቀን ተለክቶ የታሰረ ጥቅል ኋላ የሚያርመው የለም።

ከዚያ ጥቅሎቹ በሃይድሮሊክ ክሪክ ዙሪያውን ተጨምቀው ክብ ይሆናሉ (የጎልደን ጌቱ ከነመጠቅለያው 92 ሴንቲ ሜትር ነው)፣ ማቀፊያ ይታሰርላቸዋል፣ በማቀፊያው ላይ አንጠልጣይ ገመዶች ይወርዳሉ። ገመዱ ጭነት ሲበዛበት ስለሚቀጥን የማቀፊያው ብሎኖች ይላላሉ፤ ደጋግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ማቀፊያው ይንሸራተታል። በሽቦ የመጠቅለሉም ሥራ ወለሉ እስኪሰቀል ይቆያል።

ወለሉ ከማማዎቹ ተነስቶ ወደ መሃልም ወደ ዳርም በአንድ ጊዜ ይገጠማል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተጫነ ማማው ወደዚያው ይጎተታል።

ነፋስ ግን ከክብደት የበለጠ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበረው የታኮማ ተንጠልጣይ ድልድይ የፈረሰው ወለሉ ቀጭን ስለነበር ነፋስ እያጣመመው ነው። ጎልደን ጌት ከወለሉ ሥር 7.6 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ማጠንከሪያ ቢኖረውም፣ በታኅሣሥ 1951 (እ.ኤ.አ.) ነፋስ ክፉኛ ስላወዛወዘው ለሰዓታት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወለሉ እንዳይጣመም ከታች አግድም ማሰሪያ ተጨመረለት።

አንጠልጣይ ገመዶቹ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1976 በአዲስ ተተክተዋል፤ በጨዋማ ጉም የተጎዳው የኮንክሪት ወለል ደግሞ ከ1982 እስከ 1986 በብረት ወለል ተለውጧል። ዋናውን ገመድ ግን እንዲህ በቀላሉ መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ጥገናው ከሁሉ በፊት ውኃ ወደ ሽቦዎቹ እንዳይገባ መጠቅለያውንና ቀለሙን መጠበቅ ነው።