አብስትራክት ክላስንና ኢንተርፌስን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አጣምሮ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ክላስ (የነገሮች ንድፍ) እና ኦብጀክት (በንድፉ የሚፈጠር ነገር) ምን እንደሆኑ የተረዳ ጀማሪ ፕሮግራመር ብዙውን ጊዜ ግራ የሚጋባው አብስትራክት ክላስና ኢንተርፌስ ላይ ሲደርስ ነው። ሁለቱም የአንድን ሜተድ (ክላሱ የሚሠራው ሥራ) ስም ብቻ አስቀምጠው አካሉን፣ ማለትም የሥራውን ኮድ፣ ለሌላ ክላስ መተው የሚችሉ በመሆናቸው አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ልዩነቱ ትርጓሜ በመሸምደድ ሳይሆን በሥራ ላይ የሚገለጥ ስለሆነ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ቢሮ ከፍቶ ለሚሠራ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት የሚሆን የምዝገባ ፕሮግራም በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ እንሥራ። ድርጅቱ የፋሲል ግንብን ያስጎበኛል፣ ወደ ስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ያዘጋጃል፣ ከጎርጎራ ተነስቶ በጣና ላይ በጀልባ ያንሸራሽራል እንበል።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ትተን ሦስት ተራ ክላሶችን እንጽፋለን። ሦስቱም የደንበኛውን ስም፣ ቀኑን፣ የሰዎቹን ብዛትና የአስጎብኚውን ስም ይይዛሉ፤ ሦስቱም ደረሰኝ ያትማሉ፤ ሦስቱም ዋጋ ያሰላሉ። ጎን ለጎን አድርገን ስናነባቸው የደረሰኙ ኮድ ቃል በቃል የተደገመ ሲሆን፣ የዋጋው ስሌት ግን ከስሙ በቀር አይገናኝም። በፋሲል ግንብ የመግቢያው ክፍያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ጎብኚ ስለሚለያይ በየሰዉ ይሰላል፤ በስሜን የቀናቱ ብዛት ከአስጎብኚው፣ ከደባርቅ ከሚወሰደው ጥበቃና ከበቅሎ ኪራይ ጋር ይባዛል፤ የጎርጎራዋ ጀልባ ደግሞ በሙሉ ስለምትከራይ ሁለት ሰው ቢሳፈርባትም አምስት ዋጋዋ ያው ነው።

ቀጥሎ «ጉብኝት» የሚል አብስትራክት ክላስ እንፈጥራለን። (ጃቫ የክላስና የሜተድ ስሞችን በፊደላችን መጻፍ ይፈቅዳል፤ ቁልፍ ቃላቱ፣ ማለትም የቋንቋው የራሱ ቃላት፣ ግን በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይቆያሉ።) የጋራ መረጃዎቹን፣ ኦብጀክት ሲፈጠር እነሱን የሚሞላውን ኮንስትራክተርና የደረሰኙን ሜተድ ከነሙሉ አካሉ ወደዚህ እናመጣለን። «ዋጋ_አስላ» የተባለውን ሜተድ ግን አብስትራክት ብለን፣ አካል ሳንሰጠው በሴሚኮሎን እንዘጋዋለን። ከዚያ ሦስቱ ክላሶች ጉብኝትን ወርሰው (መረጃዎቹንና ሜተዶቹን ተቀብለው) እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስሌት ብቻ ይጽፋሉ። ከእንግዲህ ማንም «ጉብኝት» የተባለ ኦብጀክት በቀጥታ መፍጠር አይችልም፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም የትኛው እንደሆነ ያልታወቀ ጉብኝት የሚገዛ ደንበኛ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነገር አለ። የደረሰኙ ሜተድ በጉብኝት ክላስ ውስጥ ሆኖ፣ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ «ዋጋ_አስላ»ን ይጠራል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ በእጁ ያለው ኦብጀክት የስሜን ጉዞ ከሆነ የስሜን ስሌት፣ የጎርጎራ ከሆነ የጎርጎራ ስሌት ይጠራል። በእኔ አስተያየት የአብስትራክት ክላስ ትልቁ ጥቅም የኮድ ድግግሞሽን ማስቀረቱ ሳይሆን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል አንድ ቦታ ወስኖ ዝርዝሩን ለወራሾቹ መተው ማስቻሉ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የሚመጣው ድርጅቱ ለጥምቀት እንግዶች የመኝታ ክፍል ማከራየት ሲጀምርና ደንበኞች ምዝገባቸውን መሰረዝ ሲፈልጉ ነው። የስሜን ጉዞና የመኝታ ክፍል አስቀድመው ስለሚያዙ ይሰረዛሉ፤ የፋሲል ግንብ ትኬት ግን በዕለቱ የሚቆረጥ በመሆኑ አይሰረዝም። የተመላሽ ገንዘቡን ሜተድ ጉብኝት ውስጥ ብናስገባው ፋሲል ግንብ የማይመለከተውን ሥራ ይወርሳል፤ መኝታ ክፍልን የጉብኝት ወራሽ ብናደርገው ደግሞ ክፍሉ አስጎብኚ ይጠየቃል። ስለዚህ «ተሰራዥ» የሚል ኢንተርፌስ እንጽፍና፣ የቀሩትን ቀናት ተቀብሎ ተመላሹን ብር የሚያሳውቅ አንድ ሜተድ እናውጅበታለን። በጃቫ አንድ ክላስ ሊወርስ የሚችለው አንድ ክላስ ብቻ ቢሆንም የፈለገውን ያህል ኢንተርፌስ መፈጸም፣ ማለትም ለታወጁት ሜተዶች አካል መስጠት፣ ይችላል፤ የስሜን ጉዞ ጉብኝትም ተሰራዥም ይሆናል፣ መኝታ ክፍል ተሰራዥ ብቻ ይሆናል። በኢንተርፌስ የታወጀ እንዲህ ያለ ሜተድ ፐብሊክ (ለሁሉም ክፍት) ስለሆነ ፈጻሚው ክላስም ሜተዱን ፐብሊክ ማለት አለበት፤ ጀማሪዎችን በብዛት የሚያጋጥማቸው ስህተት ይህን መርሳት ነው።

አሁን ስረዛን የሚያስተናግደው ኮድ የተሰራዦችን ዝርዝር ብቻ ይቀበላል፤ ክፍል ይሁን ጉዞ አይጠይቅም። ነገ ወደ አዘዞ አየር ማረፊያ የሚያደርስ የመኪና ኪራይ ቢጨመር፣ አዲሱን ክላስ ተሰራዥ ማድረግ በቂ ነው፤ የስረዛው ኮድ አይነካም።

ከጃቫ 8 (2014 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢንተርፌስ አካል ያለው ሜተድ (ዲፎልት ሜተድ ይባላል) መያዝ ስለቻለ ልዩነቱ ጠፍቷል የሚሉ አሉ። አልጠፋም፤ ኢንተርፌስ የእያንዳንዱን ኦብጀክት መረጃ መያዝ አይችልም፣ የሚያስቀምጣቸው ተለዋዋጮች ሁሉ ቋሚ ናቸው። የደንበኛው ስም ተሰራዥ ውስጥ ሊገባ የማይችለውም ለዚህ ነው። በሌላው የፕሮግራም ቋንቋ በሲ ፕላስ ፕላስ ለኢንተርፌስ የተለየ ቁልፍ ቃል የለም፤ አካል የሌላቸው ቨርቹዋል ሜተዶች (ወራሾች በራሳቸው ኮድ የሚተኳቸው) ብቻ ያሉት ክላስ የኢንተርፌስን ሥራ ይሠራል።

ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ኢንተርፌስ የመደርደር ልማድ ግን አይመከርም። ቢያንስ ሁለት የማይዛመዱ ክላሶች አንድ ዓይነት አገልግሎት መስጠት ሲኖርባቸው መጻፉ ይበቃል።

የሠራነውን ለመፈተሽ ከጎርጎራው ክላስ ውስጥ «ዋጋ_አስላ»ን አጥፍተን ኮምፓይል እናድርግ፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቅርጽ እናስተርጉም። ኮምፓይለሩ ክላሱ አብስትራክት ሳይሆን አብስትራክት ሜተድ ሳይሞላ መቅረቱን ጠቅሶ ካስቆመን፣ ውርሱ በትክክል ተሠርቷል፤ ሜተዱን መልሰን ሥራችንን መቀጠል እንችላለን።