ጋዝ ሳይኖር የመጣው ፎርሚክ አሲድ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደስታዬ ብዛት መሬት አልረግጥም ነበር። ጅማ ባለችው ትንሽ ላብራቶሪያችን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ውሃ ውስጥ በጠበጥኩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፋሁበት፣ አልትራቫዮሌት መብራት አበራሁበት። ከጋዙ ካርቦን ልሠራው የፈለግኩት ፎርሚክ አሲድ ወጣ! በ1979 የጃፓን ተመራማሪዎቹ ኢኖዌ፣ ፉጂሺማና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ዱቄት ያሳዩት ነገር ስለሆነ አልተጠራጠርኩም።

ከዚያ ጋዙ አለቀ። ሌላ ሲሊንደር እስኪመጣ ምንም ካርቦን በሌለው ጋዝ፣ በአርጎን ልሞክር አልኩ። ያው ፎርሚክ አሲድ ቁጭ! ካርቦኑ ከየት መጣ? መብራቱን ሳጠፋው ደግሞ ምንም የለም።

ዱቄቱን በምን እንዳጠብኩት ሳስታውስ ነገሩ በራልኝ፤ በኢታኖል ነው፤ ካርቦን ያለው አልኮል። ቅሪቱ ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ብርሃን ሲያርፍበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ እሱን እየሰባበረ ፎርሚክ አሲድ ያደርገዋል። የመስታወቱ መጋጠሚያ ላይ የቀባሁትን ግሪስም ጠርጥሬዋለሁ።

ዱቄቱን ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) ውስጥ በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ4 ሰዓት አቃጠልኩት። (መጀመሪያ ቀን መሃል ላይ መብራት ሄደ። ቡናዬን ጠጥቼ እንደገና ጀመርኩ፤ ጅማ ሆኖ ቡና አይጠፋም።) ግሪሱን ጠራርጌ አነሳሁት። ከዚያ የተረፈ ቅሪት ካለ እንዲጠፋ ውሃ ውስጥ በጥብጬ፣ አየር እየነፋሁበት ሌሊቱን በብርሃን አሳደርኩት። በነጋታው በአርጎን ስሞክረው ጭጭ አለ።

አሁን በካርቦን ዳይኦክሳይድ የማገኘው ከድሮው በጣም ያነሰ ነው። ያናድዳል፣ ግን የእኔ ነው። ቀጥሎ በካርቦን-13 (ከተለመደው ካርቦን በትንሹ የሚከብድ የካርቦን ዓይነት) የተሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እሞክራለሁ፤ የፎርሚክ አሲዱ ሞለኪውላዊ ክብደት ከ46 ወደ 47 ከወጣ፣ ካርቦኑ የመጣው ከጋዙ ነው።