የተዘበራረቁ ፊደላትን አስተካክሎ ቃል ማውጣት እንዴት ይቻላል?

በቃላት ጨዋታ ላይ የተዘበራረቁ ፊደላት ሲሰጡ ተጫዋቹን ቶሎ የሚያደክመው ፊደላቱን በዘፈቀደ ማገላበጥ ነው። ሦስት የተለያዩ ፊደላት በ6 መንገድ ብቻ ይደረደራሉ፤ አምስት ሲሆኑ ግን 120፣ ሰባት ሲሆኑ ደግሞ 5,040 ድርድር ስለሚወጣቸው ሁሉንም ሞክሮ መጨረስ አይታሰብም። በአማርኛ ለሚጫወት ሰው የሚያግዘው ፊደሉ ራሱ ነው፤ ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ፣ በግዕዝ፣ በሣልስ ወይም በሳብዕ መምጣቱ በቃሉ ውስጥ የት ሊቀመጥ እንደሚችል ይጠቁማል።

በመጀመሪያ ፊደላቱን ከተሰጡበት ረድፍ አውጥተው በክብ ቅርጽ እንደገና ይጻፏቸው። ረድፉ እንዳለ ከቆየ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ የማንበብ ልማዱን ስለማይተው ያንኑ ትርጉም የለሽ ድርድር ደጋግሞ ያነባል።

ቀጥሎ የቃሉን ጫፎች ይፈልጉ፤ ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል። «ች» ካለና ከፊቱ ሊቆም የሚችል ሳብዕ ፊደል ከተገኘ፣ እንደ «ልጆች» ወይም «ጨዋታዎች» ያለ ብዙ ቁጥር መጠርጠር ተገቢ ነው። «ነ» እና «ት» አብረው ሲገኙ «ነት»ን ይሞክሩ። እንደ «ሪ» እና «ፊ» ያሉ ሣልስ ፊደላት ደግሞ «ፈጣሪ» እና «ጸሐፊ» ውስጥ እንደምናየው ብዙ ጊዜ የባለሙያ ወይም የአድራጊ ስም መዝጊያ ናቸው። በመነሻው በኩል «መ» ካለ፣ እንደ «መናገር» በሳድስ የሚያልቅ ንዑስ አንቀጽ ሊሆን ይችላል።

ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀል ለማየት «ማ፣ ች፣ ስ፣ ሪ፣ አ፣ ዎ፣ ተ» የሚሉትን ሰባት ፊደላት እንውሰድ። «ዎች» መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ አምስት ፊደላት ይቀራሉ፤ ከ5,040ው ድርድር ወደ 120 ወረድን ማለት ነው። «ሪ»ን ከ«ዎች» ፊት ስናስቀምጥ 24 ይቀራል። «አስ»ን በመነሻው ከሞከርን የሚተርፉት «ተ» እና «ማ» ብቻ ስለሆኑ ምርጫው ሁለት ነው፤ ቃሉም «አስተማሪዎች» ይሆናል።

አስቸጋሪው ሁሉም ፊደላት ሳድስ ሲሆኑ ነው፤ አናባቢው የሚሰጠው ፍንጭ የለምና። «ር፣ ት፣ ህ፣ ት፣ ም» ቢሰጥዎ፣ «ት» ስለተደገመ ድርድሩ 60 ነው። ሆኖም «ትዕግሥት»፣ «ትንቢት» እና «ትርኢት» እንደሚያሳዩት በ«ት» ተጀምረው በ«ት» የሚያልቁ ስሞች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ ሁለቱን «ት» ዳርና ዳር ያስቀምጡ። የሚቀሩት ስድስት ድርድሮች ድምፅ እያሰሙ ቢነበቡ «ትምህርት» ቶሎ ጆሮ ላይ ይወድቃል። ሳድስ ፊደላት ቦታ ለመቀያየር ስለሚመቹ ከአንድ በላይ መልስም ሊሰጡ ይችላሉ፤ «ግብር» ተገላብጦ «ርግብ»፣ «ክብር» ደግሞ «ብርክ» ይሆናል። የመጀመሪያው ቃል በጨዋታው ከተሰጠው ፍንጭ ጋር ካልገጠመ ሌላ መልስ መፈለግ ያስፈልጋል።

ከስንት አንዴ የሚመጡ ፊደላትን መጀመሪያ ቢይዙ ፍለጋው ይጠባል። በልማድ በ«ሥ» የሚጻፉት ቃላት («ሥጋ»፣ «ንጉሥ»፣ «ሥዕል») በ«ስ» ከሚጻፉት ያነሱ ናቸው፤ «ቋ» ሁለት ጊዜ ከመጣ ደግሞ «ቋንቋ» ከማለት በፊት ብዙ ማሰብ አያሻም። ይሁንና ሁሉም አዘጋጅ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» ለይቶ አይጽፍም፤ በዚህ ጥብቅ መሆን የሚያዋጣው ጨዋታው ራሱ ጥብቅ ሲሆን ነው።

ጨዋታው ትንንሽ ቃላትንም የሚቆጥር ከሆነ ረጅሙን አስቀድመው፣ ከውስጡ ሌሎችን ያውጡ። ከ«አስተማሪዎች» «ተማሪዎች» እና «ተማሪ» በቀላሉ ይገኛሉ፤ «አማች» ግን ፊደላቱ ተራርቀው ስለተቀመጡ ብዙ ሰው ያልፈዋል።

መልሱን ከማስረከብዎ በፊት የተጠቀሙበትን እያንዳንዱን ፊደል ከተሰጡት ላይ ይሰርዙ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፊደል ሁለቴ ከገባ ወይም «ር» ተብሎ የተሰጠው ሳይታወቅ «ሪ» ከሆነ፣ ቃሉ ትክክለኛ አማርኛ ቢሆንም መልሱ ስሕተት ነው።