የሰፈር የሩጫ ቡድን ማቋቋም ቀላል ነው፣ ሥራው ሳይበተን ማቆየቱ ላይ ነው

ለመጀመር ሦስት ሰው ይበቃል። ብዙ ሰው የሩጫ ቡድን ሲባል ቲሸርት፣ አርማ፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ነው የሚታየው። እነዚህ ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ ባይመጡም ምንም አይጎድልባችሁም። ሦስት ያልኩት በምክንያት ነው። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ አንዱ "ዛሬ ደክሞኛል" ብሎ ሲደውል ሌላው በደስታ ወደ ብርድ ልብሱ ይመለሳል። ሦስት ስትሆኑ አንዱ ቢቀርም ሁለቱ ይወጣሉ።

ቀንና ሰዓት ስትመርጡ የሰፈሩን ሰው ኑሮ አስቡ። እኔ የምመክረው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ረጅሙን ሩጫ እሁድ ላይ ካደረጋችሁት ግማሹን ሰው ከመጀመሪያው አጣችሁት ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የሚጾመው ሰው እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ስለሚውል፣ በጠዋት ላቡን አንጠፍጥፎ ቀኑን ሙሉ ቢሮ መቀመጥ አይመቸውም። ረመዳን ሲገባ ሙስሊም ጓደኞቻችሁ ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል ያለ እርምጃ ቢያደርጉ ይሻላቸዋል። ለዚያ ወር አንዱን ቀን ወደ ማታ ማዞር ማንንም አይጎዳም።

ሰዓቱ ጠዋት 12 ሰዓት ይሁን። ታክሲው ገና አልበዛም፣ ጭሱም አልወረደም። ግን ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ላይ አዲስ አበባ የሚነጋው ዘግይቶ ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ጨለማ ነው። በእነዚያ ወራት 12 ተኩል አድርጉትና ሦስቱንም ወር በዚያው ቆዩ። በየሳምንቱ "ዛሬ በስንት ነው?" የሚባልበት ቡድን ብዙ አይቆይም።

መገናኛ ቦታ ባንክ በር ላይ ቢሆን አሪፍ ነው። መብራት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ አትቆምም። ከጥበቃው ጋር ሰላም ተባባሉ፣ ስሙን እወቁ። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ዘግይቶ የሚመጣን አትጠብቁ። ጨካኝ ነገር ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን የሐበሻ ቀጠሮ ከገባበት 12 ሰዓት የተባለው 12 ተኩል ይሆናል፣ ከዚያ ሥራ ያለው ሰው ይቀራል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀራል። አምስት ደቂቃ ጠብቁና ሂዱ። መንገዱ የታወቀ ከሆነ የዘገየው ሮጦ ይደርስባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰፈር ቡድን የሚበተነው በፍጥነት ምክንያት ነው። በየሰፈሩ ድሮ ክለብ ሊገባ ትንሽ የቀረው አንድ ልጅ አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ፊት ይሆናል፣ ሌላው እንዳያፍር እየተከተለ ዳገቱ ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ አያነሳም። ልጁ ክፋት የለበትም፣ ሰውነቱ ለምዶበት ነው። ጥፋቱ የቡድኑ ነው፣ ምክንያቱም ቡድኑ የተሠራው ፊት ላለው ሰው ነው። እናንተ መጨረሻ ላይ ላለው ሰው አድርጋችሁ ሥሩት።

እንዴት ካላችሁኝ፣ ቀላሉ ዘዴ ሄዶ መመለስ ነው። ሁሉም በራሱ አቅም ለ15 ደቂቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ሁሉም ባለበት ቦታ ዞሮ ይመለሳል። ፈጣኑ ሩቅ ስለሄደ የሚመለሰውም ከሩቅ ነው፣ ቀርፋፋው ቅርብ ስለነበር ፊት ይሆናል፣ እናም ሁለቱም በተመሳሳይ ሰዓት ባንኩ በር ላይ ይደርሳሉ። ማንም ማንንም አልጠበቀም፣ ማንም አልተሸማቀቀም፣ ያ ልጅም የልቡን ሮጧል። ዙሪያ መንገድ የምትሮጡ ከሆነ ደግሞ ፊት ያሉት በየአምስት ደቂቃው ወደ ኋላ ዞረው ጅራቱን ነክተው ይመለሱ። ከመጨረሻው ሰው ጋር የሚሮጥ አንድ ተረኛም መድቡ። ተራው ሁሉንም ይድረስ፣ ፈጣኑንም ጭምር፤ የመጨረሻው ሰው መቼም ብቻውን አይሮጥም።

ለጀማሪ ሶምሶማ ብሎ ነገር እንኳን በአንዴ አይሆንም። አንድ ደቂቃ መሮጥ፣ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ ይህን አሥር ጊዜ መደጋገም። ግማሽ ሰዓት ሞላ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ከዚያ የሩጫውን ደቂቃ በየሳምንቱ በጥቂቱ እየጨመሩ የእርምጃውን መቀነስ ነው። መለኪያው ወሬ ነው፣ እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ሰዓትና አፕሊኬሽን ያለው ሰው ይጠቀም፣ የሌለው ምንም አልቀረበትም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለችው፣ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታው ያልለመደውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ለገና ወይም ለእንቁጣጣሽ ከአሜሪካ የመጣ የአክስት ልጅ "እኔ እዚያ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ" ብሎ አብሯችሁ ቢወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጀማሪዎቹ ጋር አሰልፉት። ቅር ሊለው ይችላል። ዳገቱ ላይ ይገባዋል።

የት ትሮጣላችሁ? አትሌቶቻችን ሳምንታቸውን በመሬቱ ዓይነት ነው የሚከፋፍሉት፦ ጫካ፣ ኮረኮንች፣ አስፋልት። ይህን ልማድ መስረቅ ይቻላል። በሳምንት ሦስት ቀን አስፋልት ላይ ብቻ ከሮጣችሁ ጉልበት መናገር ይጀምራል። የካ አካባቢ ያላችሁ ጫካው አጠገባችሁ ነው፣ ዛፍ ለዛፍ ዚግዛግ እየሠራችሁ ቀስ ብላችሁ ሩጡ፣ ሥርና ድንጋዩ ራሱ ፍጥነታችሁን ይይዝላችኋል። መሃል ከተማ ያላችሁ ጃንሜዳ አለላችሁ። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከአንድ ጫፍ ሌላ ጫፍ እየተመላለሱ መሮጥም ያው የታወቀ ነው፤ አንድ እርከን ስትጨርሱ ወደሚቀጥለው ትወጣላችሁ፣ ሳታስቡት ብዙ ርቀት ትሸፍናላችሁ። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለጀማሪ ጥሩ ናቸው፣ ዝናብ ሲዘንብ ግን ንጣፉ ያንሸራትታል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ላይ መሮጥ ግድ ከሆነባችሁ የግራውን ዳር ያዙ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣ እንዲታያችሁ። በጨለማ ነጭ ወይም ቢጫ ልበሱ። የጆሮ ማዳመጫችሁን ቤት ተዉት።

ውሻ። ይህን ሳይጽፉ የሰፈር ሩጫ መመሪያ ብሎ ነገር የለም። ከ12 ሰዓት በፊት መንገዱ የእነሱ ነው። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ቁሙና ተራመዱ፣ ተጠጋግታችሁ ሂዱ። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው መስላችሁ ጎንበስ ካላችሁ አብዛኛው ወደ ኋላ ይላል፣ ድንጋዩን መወርወር አያስፈልግም። ከነከሰ ግን "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ ማለፍ የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። የበሽታው ምልክት ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ቀብታችሁ ጊዜ አታባክኑ። እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ጅብም አለ፣ ሳይነጋ ጫካ አትግቡ።

ሴቶች ከመጡና ከቀሩ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ግን መልሱን ብዙ ጊዜ ታውቁታላችሁ። ከቤት እስከ መገናኛው ቦታ ያለው መንገድ ነው ችግሩ። ጨለማው፣ ለከፋው፣ ግንባታ ቦታ ላይ የተቀመጡት ልጆች። መፍትሔው ሰፈሩ ውስጥ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ሆኖ መሰባሰብ ነው፤ አንድ ሰው አንዷን ከበሯ ይወስዳል፣ ከዚያ ሌላዋን፣ ሲመለሱም እንደዚያው። ቡድናችሁ ውስጥ ስለ አለባበስ የሚያወራ ወንድ ካለ በጊዜ ዝም አሰኙት። በነጠላ ቢሮጥ፣ በቱታ ቢሮጥ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ትልልቆቹን አትርሱ። ጡረታ የወጣ ጋሼ፣ ሐኪም "ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀሺ" ያላት እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ የማያፈርሱ ናቸው። ዝናብ ቢዘንብም ባንኩ በር ላይ እነሱ ናቸው የሚገኙት። መሮጥ ካልፈለጉ ይራመዱ፣ ሄዶ መመለሱ ለእነሱም ይሠራል። ብቻ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። "ጋሼ ይበርቱ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት!" እያሉ ዳገት ላይ መግፋት ፍቅር ቢመስልም አደጋ አለው።

ጫማን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ወር ማንንም ግዛ አትበሉ። ያለው ስኒከር ይበቃል። ከሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፣ እንደ እንጨት ከደረቀ ተዉት፣ ላዩ አዲስ መስሎ ቢያበራም አትታለሉ። መቼም አንዱ ተነስቶ "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?" ማለቱ አይቀርም። አዎ፣ ሮም ላይ በ1952 ዓ.ም.። ቶኪዮ ላይ ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ደገመው፣ ያውም በፈጠነ ሰዓት። በሉትና ዝም ይበል።

ገንዘብ ውስጥ ቶሎ አትግቡ። መዋጮ የጀመረ ቀን ወሬ ይጀመራል። ግዴታ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ በወር አንዴ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ ታክሲ ተኮናትራችሁ ለመሄድ፣ ልክ እንደ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፤ አንዱ በቴሌብር ይቀበላል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ዝርዝሩ በዚያው ቀን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ከሩጫ በኋላ ፉልና ሻይ ያለበት ቤት መግባት የቡድኑ ግማሽ ደስታ ነው፣ ግን የማይገባውን ሰው አትጨቅጭቁ። ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቤቱ በሶ በጥብጦ ቢያመጣ ለሁሉም ይደርሳል፣ ከሩጫ በኋላ ደግሞ ከእሱ የሚጥም ነገር አላውቅም።

ቴሌግራም ካነሳሁ አይቀር፣ ግሩፑን ለሩጫ ብቻ ተጠቀሙበት። መልካም በዓል፣ ፖለቲካ፣ የሚሸጥ ቦታ፣ ሁሉም ሌላ ግሩፕ አለው። ክረምት ላይ ደግሞ ማታ ላይ "ነገ የሚዘንብ ይመስላል፣ እንቅር?" የሚል መልእክት እንዳይለጠፍ ከልክሉ። መቅረት የሚወሰነው ጠዋት ባንኩ በር ላይ ተሰባስባችሁ ሰማዩን አይታችሁ ነው። ዶፍ ከሆነ እዚያው በረንዳው ሥር ሰውነት አፍታቱና ተለያዩ። ካፊያ ከሆነ ሩጡ።

አንድ ግብ ካስፈለጋችሁ ኅዳር አለላችሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ምዝገባው ቶሎ ስለሚያልቅ ክረምት ላይ መከታተል ጀምሩ። ዝግጅቱን ከነሐሴ ብትጀምሩ፣ ረጅሙን የቅዳሜ ሩጫ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰዓት ብታደርሱት፣ ጀማሪው ሁሉ ይጨርሳል። የራሳችሁን ፈጣን ሰዓት እዚያ አትፈልጉት፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ ነው የሚሄደው፣ መሃል ላይ ከሆናችሁ ብትፈልጉም አትፈጥኑም። ከመነሻው በፊት ከሕዝቡ ራቅ ያለ መገናኛ ቦታ ተነጋገሩ፣ በዚያ ግርግር ስልክ ላይ አትተማመኑ።

ብዙ ቡድን የሚሞተው ከዚያ ሩጫ ማግስት ነው። ግቡ አለቀ፣ ቲሸርቱ ተለበሰ፣ ፎቶው ተለጠፈ፣ ከዚያ ዝምታ። ስለዚህ እሁድ ከሩጫው ሳትለያዩ የማክሰኞውን ቀጠሮ ያዙ። እግር ስለሚያም ሩጫ አይኖርም፣ ግማሽ ሰዓት እርምጃ ብቻ። ያ ፈጣን ልጅም ይምጣ፣ የጅራቱ ተረኛ እሱ ነው።