የጦርነት ገንዘብ አቀባዮችን ታሪክ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጦርነት መሃል የውጭ ገንዘብ ለአማፂ በድብቅ የሚያደርስ ሰው ታሪክ ሲወራ ጆሮ ይስባል። ሻንጣ አለ፣ የውሸት ስም አለ፣ የስዊዝ ባንክ አለ። ችግሩ የጎደለውን ከፊልም እየቀዳን መሙላታችን ነው። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቀባዩን እንደ ፖስታ ቤት ማየት

መንግሥት ሰጠ፣ መሃል ያለው አደረሰ፣ አማፂው ተቀበለ፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል ቢሆንማ ቦማርሼ በዕዳ ክርክር ዕድሜውን ባልጨረሰ ነበር።

ቦማርሼ ፈረንሳዊ ነው። አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበር፣ እሱም በዚያው ሙያ ጀመረ። በኋላ ግን ስሙ የገነነ ተውኔት ጸሐፊ ሆነ። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ሲያምፁ ፈረንሳይ ልትረዳቸው ፈለገች። ጦርነት ውስጥ በግልጽ መግባት ግን ገና አልደፈረችም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቬርዤን መላ ዘየደ። ቦማርሼ ጁን 10 ቀን 1776 የ1 ሚሊዮን ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ደረሰኝ ፈርሞ ከፈረንሳይ ገንዘቡን ተረከበ። ስፔን ሌላ 1 ሚሊዮን ጨመረችለት። ከዚያ ፓሪስ ላይ «ሮድሪግ ኦርታሌዝ እና ኩባንያው» የሚል የንግድ ቤት ከፈተ። ሮድሪግ ኦርታሌዝ የሚባል ሰው በዓለም ላይ የለም። ከፈረንሳይ ጦር መጋዘን የወጣ መድፍ፣ ጠመንጃ፣ ባሩድና ድንኳን ግን በዚህ በሌለ ሰው ስም እየተጫነ ባሕር ተሻገረ። አማፂዎቹ በ1777 ሳራቶጋ ላይ ሲያሸንፉ ይህ መሣሪያ በእጃቸው ነበር።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ዕቃው ስጦታ ነበር ወይስ ሽያጭ? ቦማርሼ በትምባሆና በሌላ ምርት ይከፈለኛል ብሎ መርከቦቹን ይጠብቃል። ከአሜሪካ ወኪሎች አንዱ አርተር ሊ ደግሞ ነገሩ የፈረንሳይ ስጦታ ስለሆነ መክፈል አያስፈልግም ብሎ ለአሜሪካ ምክር ቤት፣ ለኮንግረሱ፣ ይጽፋል። ኮንግረሱም ዝም አለ። በ1787 ሊ ሒሳቡን ሲመረምር ቦማርሼን የ1.8 ሚሊዮን ፍራንክ ባለዕዳ አደረገው። በ1793 የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን ያንኑ ጉዳይ ሲያይ ደግሞ ኮንግረሱ ለሰውየው 2.28 ሚሊዮን ፍራንክ ይክፈል የሚል ድምር ወጣ። ጉዳዩ አንድ፣ ድምሩ ሁለት! በድብቅ የፈረመው ያ የ1776 ደረሰኝም ኋላ ወጥቶ መልሶ በእሱ ላይ መከራከሪያ ሆነ። በ1799 ሳይከፈለው ሞተ። ወራሾቹ በ1835 800,000 ፍራንክ ተቀብለው ፋይሉን ዘጉ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይሄ ነው።

ጀግና ነበር ወይስ አጭበርባሪ ብሎ መጨቃጨቅ ብዙም አያስኬድም። አርበኛም ነጋዴም ነበር፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። የራሱ ሒሳብ ስለነበረው ነው ታሪኩ የተወሳሰበው።

የተሰጠውን ሁሉ እንደ ደረሰ መቁጠር

እገሌ የሚባል አገር ይህን ያህል ሚሊዮን ሰጠ ሲባል አእምሯችን ወዲያው ገንዘቡን ጫካ ያስገባዋል። ረጋ ማለት ይሻላል።

በ1984 የአሜሪካ ኮንግረስ የኒካራጓን መንግሥት ለሚወጉት ኮንትራዎች የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ አገደ። የፕሬዚዳንት ሬገን ሰዎች በጎን በር ዞሩ። ሳውዲ አረቢያ ብቻዋን 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠች። ጡረታ የወጣው ጄኔራል ሪቻርድ ሲኮርድና ነጋዴው አልበርት ሃኪም ደግሞ የስዊዝ ሒሳቦች ከፍተው መሃል ገቡ። ለኢራን በድብቅ ከተሸጠው መሣሪያ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትርፍ ተገኘ። የኮንግረሱ መርማሪዎች በ1987 ሲያሰሉት ለኮንትራዎቹ የዋለው ወደ 3.8 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው በኮሚሽንና በሌላ ወጪ ተበላ፣ ከፊሉም እዚያው ስዊዝ ሒሳብ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የብሩናይ ነገር ነው። በ1986 የብሩናይ ሱልጣን 10 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት እሺ አለ። የአሜሪካ ባለሥልጣን በሐሰት ስም ለንደን ድረስ ሄዶ የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ ሲተየብ ግን ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ነበር። 10 ሚሊዮኑ ምንም የማያውቅ የስዊዝ ነጋዴ ሒሳብ ውስጥ ገባ። ኮንትራዎቹ ከዚህ ገንዘብ አምስት ሳንቲም አላዩም። «ብሩናይ 10 ሚሊዮን ሰጠች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ትክክል ነው።

ከፋዩን የአመፁ ፈጣሪ ማድረግ

ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሩሲያ አብዮተኞች ከፍላለች። መሃል ላይ ፓርቩስ የሚባል አብዮተኛም ቱጃርም የሆነ ሰው ነበር። ዲሴምበር 29 ቀን 1915 ኮፐንሃገን ላይ 1 ሚሊዮን ሩብል መረከቡን ፈርሟል። ለጀርመኖቹም በጃንዋሪ 22 ቀን 1916 አመፅ ይነሳል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑ ደረሰ። በዋና ከተማዋ ፔትሮግራድ ላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ፣ አብዮት ግን የለም። አብዮቱ ከዓመት በላይ ቆይቶ ዳቦ ያጡ ሴቶችና የፋብሪካ ሠራተኞች አደባባይ ሲወጡ መጣ። ገንዘቡ ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም። ቀን ቀጥሮ አብዮት መግዛት ግን አልቻለም።

ምንጩ ሁሌ ባዕድ መንግሥት ነው ማለት

አይደለም። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው የነፃነት ጦርነት ጊዜ ለአልጄሪያ አማፂዎች ገንዘብ የሚያሻግሩ፣ «ሻንጣ ተሸካሚ» የተባሉ ፈረንሳውያን ነበሩ። የሚያሻግሩት ገንዘብ በአብዛኛው ፈረንሳይ ውስጥ ከሚሠሩ አልጄሪያውያን ወር በወር የሚሰበሰብ መዋጮ ነው። አንዳንዱ በፍላጎቱ፣ አንዳንዱ ፈርቶ ይከፍላል። አቀባዩ ዜግነቱ የውጭ ስለሆነ ብቻ ገንዘቡም የውጭ ነው ብለን እንደመድማለን።

ማኅተም ስላየን ማመን

የአሜሪካ መንግሥት በ1918 ቦልሼቪኮች፣ ማለትም ሩሲያ ላይ ሥልጣን የያዙት የሌኒን ሰዎች፣ የጀርመን ቅጥረኞች መሆናቸውን ያሳያሉ ያላቸውን ሰነዶች አሳተመ። ኤድጋር ሲሰን የሚባል ተወካዩ ፔትሮግራድ ላይ ያገኛቸው ናቸው። ማኅተምም ፊርማም አላቸው። ጀርመን በእርግጥ ገንዘብ መክፈሏ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከራሷ መዛግብት ታውቋል። እነዚህ ወረቀቶች ግን ሐሰተኛ ነበሩ። ወረቀቱ ሐሰት ነው ማለትና ገንዘቡ አልነበረም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሰው ግን አንዱን ሲሰማ ሌላውንም አብሮ ይወስዳል። በ1956 አሜሪካዊው ዲፕሎማትና የታሪክ ጸሐፊ ጆርጅ ኬናን ሰነዶቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ፣ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ወጡ የተባሉት ደብዳቤዎች በአንድ የጽሕፈት መኪና የተተየቡ ሆነው አገኛቸው።