ምን ልግዛ ከማለት በፊት፦ ገንዘብን በሚፈለግበት ቀን መመደብ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በአንድ በኩል በሚቀጥሉት ዓመታት ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ነገር ሁሉ፣ በሌላው በኩል የሚያስፈልግበትን ወርና ዓመት ጻፉ፦ ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ መኪና፣ ጡረታ። ብዙ ሰው ኢንቨስትመንትን «ምን ልግዛ?» ብሎ ይጀምራል፤ ቀኑ ካልታወቀ ግን ጥያቄው መልስ የለውም። ከ8 ወር በኋላ ለትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብና ከ25 ዓመት በኋላ ለጡረታ የሚፈለግ ገንዘብ አንድ ቦታ መቀመጥ የለባቸውም። የአክሲዮን ገበያ ይወርዳል፣ ይነሳል። ሰውን የሚያከስረው ገበያው በወረደበት ወር ለመሸጥ መገደዱ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም እንዲህ ያለ ወር እንዳይገጥማችሁ የታሰበ ነው።

መጀመሪያ የ3 ወር ወጪያችሁን መዝግቡ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚመጡትን፣ ማለትም ኢንሹራንስ፣ ግብርና ጥገናን ደምራችሁ ለ12 አካፍሉ፤ ውጤቱን በየወሩ እንደሚወጣ ወጪ ቁጠሩት። በጀት ሲፈርስ የምናየው በአብዛኛው በእነዚህ ሳቢያ ነው። «ያልታሰበ ወጪ መጣ» ይባላል እንጂ መምጣቱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

መጠባበቂያና ዕዳ

መጠባበቂያ የሚለካው በገቢ ሳይሆን በግድ በሚወጣ ወጪ ነው። ያለሱ መኖር የማትችሉት በወር 15,000 ከሆነ፣ የ3 ወሩ 45,000፣ የ6 ወሩ 90,000 ይሆናል። ደመወዝተኛ በዚህ መካከል ይበቃዋል። ገቢው ከፍ ዝቅ የሚል ሰው፣ ወይም ቤተሰቡ በአንድ ሰው ገቢ ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ቢይዝ እንመክራለን። ገንዘቡ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በሚወጣበት፣ ከዕለት ወጪ በተለየ የቁጠባ ሂሳብ ይቀመጥ። ወለዱ ትንሽ ነው ብላችሁ ወደ አክሲዮን አታዛውሩት። ኢኮኖሚው ሲታመም ሥራ የሚጠፋውም አክሲዮን የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰሞን ነው።

የመጀመሪያው የ1 ወር መጠባበቂያ እንደሞላ ፊታችሁን ወደ ውድ ዕዳ አዙሩ። ዓመታዊ ወለዱ 24 በመቶ የሆነ የ50,000 ዕዳ አለ እንበል። ወለዱ በወር 2 በመቶ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,000 ነው። በየወሩ 1,000 ብቻ የሚከፍል ሰው ዕድሜ ልኩን ቢከፍልም ዕዳው ከ50,000 ንቅንቅ አይልም። 1,200 ቢከፍል 91 ወር ይፈጅበታል፤ በጠቅላላው ወደ 108,600 ያወጣል። 2,000 ቢከፍል ግን በ35 ወር ገደማ ይገላገላል፤ የሚያወጣውም ወደ 70,000 ነው። ይህን ዕዳ መዝጋት ያለ አንዳች ስጋት 24 በመቶ እንደማትረፍ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለ ትርፍ በእርግጠኝነት የሚሰጥ አክሲዮን የለም። ዕዳው ብዙ ከሆነ ለሁሉም ዝቅተኛውን እየከፈላችሁ ትርፉን ገንዘብ ወለዱ ከፍ ባለው ላይ አውርዱት።

የብድር ወለድ ሲነገራችሁ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ ከመነሻው በተበደርኩት ላይ?» 12,000 ለአንድ ዓመት «በ10 በመቶ» ተበደራችሁ፣ ወለዱም ከመነሻው በሙሉው ብድር ላይ ተሰላ እንበል። ወለዱ 1,200 ነው፤ በየወሩ የምትመልሱት 1,100። ነገር ግን ዋናውን በየወሩ እየቀነሳችሁ ስለምትሄዱ፣ ዓመቱን በአማካይ በእጃችሁ የቆየው የብድሩ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በቀሪ ዕዳ ሲሰላ እውነተኛው ወለድ ወደ 18 በመቶ ይደርሳል።

የቀረው የት ይቀመጥ?

ገንዘብን ዝም ብሎ ማስቀመጥም ዋጋ ያስከፍላል። 72ን ለዓመታዊው የዋጋ ንረት ብታካፍሉ የገንዘባችሁ የመግዛት አቅም በስንት ዓመት ግማሽ እንደሚሆን በግምት ታገኛላችሁ፤ በ12 በመቶ ንረት 6 ዓመት ነው። ባንክ 8 በመቶ ወለድ ቢከፍልና ንረቱ 12 በመቶ ቢሆን፣ ቁጥሩ እያደገ የመግዛት አቅሙ በየዓመቱ ወደ 3.6 በመቶ ይሸረሸራል።

ስለዚህ ወደ ጻፋችሁት ወረቀት ተመለሱ። ከ3 ዓመት በታች የሚፈለገው በቁጠባ፣ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወይም መንግሥት ለአጭር ጊዜ ገንዘብ በሚበደርበት ሰነድ ይቀመጥ። ከ3 እስከ 7 ዓመት ላለው ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ የምታበድሩበት ሰነድ) ይብዛበት፣ ጥቂት አክሲዮን ይግባበት። ከ10 ዓመት በላይ የማትነኩት አብዛኛው አክሲዮን ሊሆን ይችላል፤ በመካከል ላለው ድርሻውን ቀስ በቀስ አስተካክሉ።

ቦንድ ምንም ስጋት የለውም የሚል እምነት አለ፤ ትክክል አይደለም። በዓመት 5 በመቶ የሚከፍል የ10 ዓመት ቦንድ በ100 ገዛችሁ፤ በማግስቱ አዲስ ቦንድ 6 በመቶ መክፈል ቢጀምር የእናንተን በ100 የሚገዛ አይገኝም፤ ዋጋው ወደ 92.6 ይወርዳል። ቦንዱን ያወጣው አካል ዕዳውን እስከከፈለ ድረስ እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው 100ውን ያገኛል፤ ጉዳቱ ቀድሞ መሸጥ ያለበት ሰው ላይ ነው። እዚህም ወሳኙ ቀኑ ነው።

አክሲዮን ስትገዙ አንድ ኩባንያ ላይ አትንጠልጠሉ። የወደቀ ገበያ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የከሰረ ኩባንያ ግን ላይመለስ ይችላል። ከጠቅላላ ገንዘባችሁ ከ5 በመቶ በላይ በአንድ ኩባንያ ላይ አታውሉ፤ የምትሠሩበት ድርጅት ከሆነ ከዚያም ይነስ፤ ድርጅቱ ሲወድቅ ደመወዛችሁም ቁጠባችሁም አብረው ይሄዳሉና። ለጀማሪ የምንመርጠው ኢንዴክስ ፈንድን ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰባስቦ በአንድ የገበያ መለኪያ ውስጥ ያሉ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዛበት ሲሆን፣ በአንድ ግዢ የብዙ መቶ ኩባንያዎች ባለድርሻ ያደርጋል። ለተራው ቆጣቢ የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፈንድ ጆን ቦግል በመሠረተው ቫንጋርድ ኩባንያ በኩል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አንድ አገር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የጃፓኑ ኒኬይ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን 38,915 ያለፈው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነው፤ 34 ዓመት!

ክፍያውን በደንብ እዩት። በየወሩ 1,000 ለ30 ዓመት ብታስገቡና በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ ወደ 1,220,000 ይሆናል፤ ከኪሳችሁ የወጣው 360,000 ነው። ፈንዱ በዓመት 1 በመቶ ቢወስድና ዕድገቱ 6 በመቶ ቢሆን ግን እጃችሁ የሚገባው ወደ 1,004,500 ነው። «1 በመቶ ብቻ» የተባለው ክፍያ ከ215,000 በላይ በላ። ስለዚህ ፈንድ ስትመርጡ ካለፈው ዓመት ትርፍ በፊት ዓመታዊ ክፍያውን፣ የመግቢያና የመውጫ ኮሚሽኑን ጠይቁ።

ከተገዛ በኋላ

ደመወዝ በገባ ቀን ገንዘቡ በራሱ እንዲተላለፍ ለባንካችሁ ትእዛዝ ስጡ። ወር ሲያልቅ ከተረፈ እቆጥባለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይተርፈውም። በየወሩ እኩል መጠን መግዛት ሌላም ጥቅም አለው፤ ዋጋ ሲወርድ ብዙ ድርሻ፣ ሲወደድ ጥቂት ድርሻ ትገዛላችሁ፤ «አሁን ልግባ ወይስ ልጠብቅ?» ከሚለው ጭንቀትም ትገላገላላችሁ።

ትልቁ ውድቀት ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ ጻፉ። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው ኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ባለው ጊዜ 57 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ የትርፍ ድርሻን ሳይጨምር ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በግማሽ የወረደ ገንዘብ ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማደግ አለበት፤ በወረደበት የሸጠ ሰው ግን ይህ ዕድገት ያመልጠዋል። 100,000ው 43,000 ሆኖ ማየት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ የአክሲዮን ድርሻችሁን ዛሬ ቀንሱ፤ ይህ ውሳኔ በሰላሙ ቀን ሲወሰን ዋጋው ርካሽ ነው።

በዓመት አንድ ቀን መርጣችሁ ድርሻዎቹን አስተካክሉ። 60,000 አክሲዮንና 40,000 ቦንድ ነበራችሁ፤ በዓመቱ 84,000 እና 42,000 ሆኑ እንበል። አክሲዮኑ ከ126,000ው 66.7 በመቶ ደርሷል። ወደ 60 በመቶ ለመመለስ 8,400 አክሲዮን ሸጣችሁ ቦንድ ግዙ። ሽያጩ ግብር የሚያመጣ ከሆነ በመሸጥ ፋንታ የሚቀጥሉትን ወራት ቁጠባ ወደ ቦንዱ ምሩት።

አጭበርባሪው የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በምታውቁት ሰው በኩል ነው። ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ ይሰጥ ነበር፤ ለቀደሙት የከፈለው ኋላ የመጡት ያስገቡትን ነበር። የዛሬዎቹም መልካቸው ያው ነው፦ ከፍተኛና «ዋስትና ያለው» ትርፍ፣ ዛሬውኑ ካልገባችሁ የሚል ጥድፊያ፣ ሰው ላመጣ ኮሚሽን። የመጀመሪያው ትርፍ በሰዓቱ መከፈሉ ማስረጃ አይደለም፤ ማጥመጃው እሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የድርጅቱን ፈቃድ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ አጣሩ፤ እነሱ በሰጧችሁ ስልክ ወይም ሊንክ አይሁን።

በመጨረሻም የሂሳቦቻችሁን ዝርዝር፣ የት እንዳሉና ወራሽ ተብሎ የተመዘገበው ማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ የይለፍ ቃል አትጻፉበት። ገጹ የት እንደተቀመጠ አንድ የምታምኑት የቤተሰብ ሰው ይወቅ። ትዳር፣ ልጅ ወይም ፍቺ ሲመጣ የወራሹን ስም በዚያው ሳምንት አስተካክሉ።